ቃል አልባው ፒያኖና ንባብ፦ በሰቆጣ ለሚሠራ ተመራማሪ የማጥኛ ሙዚቃ ምርጫ

በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የመስክ መረጃ ሰብስቦ ወደ ማረፊያው የተመለሰ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ምሽቱን የሚያሳልፈው በአንድ ዓይነት ሥራ አይደለም። የተሞሉ መጠይቆችን ወደ ኮምፒዩተር ያስገባል፤ በኽምጣና ቋንቋ የተደረጉ ቃለ መጠይቆችን ከመቅረጸ ድምፅ እያዳመጠ ወደ ጽሑፍ ይገለብጣል፣ ወደ አማርኛም ይመልሳል፤ ቀጥሎም በእንግሊዝኛ የተጻፉ መጣጥፎችን ያነባል። ብዙዎቻችን ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት መላ ይዘናል፤ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ «ለጥናት የሚሆን» የተባለ የፒያኖ ሙዚቃ መክፈት። ይህ ጽሑፍ ልማዱ የትኛውን ሥራ እንደሚያግዝ፣ የትኛውንም እንደሚጎዳ ለማብራራት ይሞክራል። ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም የመመረቂያ ጽሑፉን ማስረከቢያ ቀን ለሚቆጥር ሰው በየምሽቱ የሚባክን አንድ ሰዓት ቀላል አይደለም።

ፒያኖ አእምሮን ያነቃል የሚለው እምነት ሳይንሳዊ ካባ የለበሰው በ1993 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍራንሲስ ራውሸርና ሁለት ባልደረቦቿ በኔቸር መጽሔት ባወጡት አጭር ዘገባ ነው። በጥናቱ የተሳተፉ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች የሞዛርትን የሁለት ፒያኖ ሶናታ ለ10 ደቂቃ ካዳመጡ በኋላ ቅርጽንና ቦታን በሚመለከት ፈተና ያገኙት ውጤት፣ በዝምታ ከቆዩ በኋላ ካገኙት የተሻለ ሆነ። ዜናው «ሞዛርት ብልህ ያደርጋል» እየተባለ ዓለምን ሲዞር ሁለት ቁም ነገሮች መንገድ ላይ ወድቀው ቀሩ። የመጀመሪያው፣ ጥቅሙ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ የቆየ መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ለእኛ ጥያቄ ዋናው ደግሞ ሙዚቃው የተሰማው ከፈተናው በፊት እንጂ በፈተናው ጊዜ አለመሆኑ ነው። በ2001 ቶምፕሰን፣ ሸለንበርግና ሁሴን ሞዛርትን ከአንድ ቀርፋፋና ኀዘን የተጫነው የአልቢኖኒ ሙዚቃ ጋር አነጻጽረው ጥቅሙ የመነጨው ከአድማጩ ንቃትና መልካም ስሜት መሆኑን አሳዩ። የእነዚህ ሁለት ነገሮች ድርሻ በስሌት ሲነጠል የሞዛርት ልዩ ኃይል የተባለው አብሮ ጠፋ።

ሙዚቃው ከሥራው ጋር ጎን ለጎን ሲሰማ የሚሆነው ነገር ሌላ ነው። ባድሊና ሂች በ1974 ባቀረቡት የሥራ ትውስታ ሞዴል መሠረት፣ ስናነብ ቃላትን ለጥቂት ሰከንዶች በውስጣዊ ድምፅ ይዘን እናቆያለን፤ የረጅም ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ከመነሻው ጋር የሚገናኘውም በዚህ ቋት እርዳታ ነው። ከውጭ የሚገባ ድምፅ፣ በተለይም የሰው ንግግር፣ ይህን ቋት ሳይጋበዝ ይሻማል። ሳላሜና ባድሊ በ1989 ባሳተሙት ጥናት ቃል ያለው ዜማ በመሣሪያ ብቻ ከሚቀርበው ይልቅ የቃላዊ ትውስታን ሥራ እንደሚያውክ አሳይተዋል። ፒያኖን የሚመርጥ ተማሪ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው።

ሆኖም በብዛት የሚሰማ አንድ መከራከሪያ አለ፤ «የማልሰማው ቋንቋ አይረብሸኝም» የሚል። ዋግ ኽምራ ይህን ለመጠየቅ ምቹ ስፍራ ነው፤ ኽምጣና ከአገው ቋንቋዎች አንዱ እንደመሆኑ፣ አማርኛ ብቻ የሚናገር ተመራማሪ በኽምጣና የሚዘፈነውን ከዋሽንት ድምፅ ለይቶ የማያይበት ጊዜ ይኖራል። ይሁን እንጂ ኮልና ዌልሽ በ1976 ተሳታፊዎቻቸው የፊደላትን ቅደም ተከተል እንዲያስታውሱ ሲጠይቁ ከበስተጀርባ ያሰሙት የጀርመንኛ ንባብ ነበር። ተሳታፊዎቹ ጀርመንኛ ባይረዱም ስሕተታቸው ጨመረ። ስለዚህ ጉዳቱን ለማምጣት የቃሉ ትርጉም የግድ አያስፈልግም፤ የድምፁ ከቅጽበት ቅጽበት መለዋወጥ ብቻውን ይበቃል። ድምፁን ዝቅ ማድረግም ብዙ አይፈይድም፤ ተከታታይ ሙከራዎች እንዳሳዩት ለስላሳ ንግግርና ከፍ ያለ ንግግር የሚያደርሱት ጉዳት ተቀራራቢ ነው። የሙዚቃ ምርጫችን የግል መሆኑም አያድነንም። ፐራምና ቪዛርድ በ2011 እንዳገኙት፣ ተሳታፊዎች የወደዱት ሙዚቃ ከጠሉት ባልተናነሰ ቅደም ተከተልን የማስታወስ ሥራን ጎድቷል።

የመለዋወጡ ነገር ወደ ራሳችን ፒያኖ ይወስደናል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት ተግዘው፣ በኋላም በካይሮ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉን ትተው በአምባሰል ወደምትገኘው ግሸን ማርያም ገቡ፤ በዚያም አሥር ዓመት ገደማ በምናኔ ኖሩ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 በጀርመን ታተመ፤ ዓለም በስፋት ያወቃቸው ግን በ2006 የኢትዮጲክስ ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ሲወጣ ነው። በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ የእማሆይ ሥራዎች ለማጥኛና ለመዝናኛ በሚዘጋጁ የሙዚቃ ስብስቦች ውስጥ ይገኛሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቃል የላቸውም፣ ከበሮ የላቸውም፣ ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው። ነገር ግን በጥሞና ያዳመጣቸው ሰው እንደሚያውቀው ምታቸው እንደ ሰዓት አይቆጥርም። ዜማው ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ በእንጉርጉሮ እንደሚጌጥ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፣ ባልጠበቁበት ቦታ ቆም ይላል። ከላይ በተጠቀሰው ሚዛን ይህ ሙዚቃ የተለዋዋጭ ድምፅ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በ1920 ኤሪክ ሳቲ በፓሪስ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ከበስተጀርባ እንዲሆን ያሰበውን ሙዚቃ ሲያሰማ፣ ታዳሚው ወሬውን ትቶ ማዳመጥ ስለጀመረ «ተነጋገሩ!» እያለ መለመን ነበረበት ይባላል። የእማሆይ ፒያኖም፣ በእኔ አስተያየት፣ ከዚያ ወገን ነው፤ ጆሮን ይጠራል። ለሚያዳምጠው ሰው በረከት ነው፣ ለሚያነበው ግን ተፎካካሪ።

ሌላው ችግር የለመድነው ዜማ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከሚባሉት አራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም የያዙ ናቸው፤ ዋግም እስከ ቅርብ ዘመን በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ስለነበር እነዚህ ዜማዎች ለሰቆጣ ሰው የሩቅ እንግዳ አይደሉም። በሶፊያ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ በ2014 ባወጣው አልበም ውስጥ «አምባሰል» የተሰኘ ሥራ ይገኛል። ፒያኖው ቃል አይናገርም፤ ዜማውን ከልጅነቱ ጀምሮ ከነግጥሙ የሚያውቅ አድማጭ ግን ቃሉን ራሱ ይሞላዋል። የምሽት ንባቤን በትዝታ ፒያኖ ታጅቤ ስጀምር ከሁለተኛው ገጽ በኋላ ራሴን በልቤ ሳንጎራጉር ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ሲሆን ቃል አልባው ሙዚቃ ቃል ካለው ዘፈን ያለው ብልጫ ይሸረሸራል። ግጥም የማናውቅለት የባሕር ማዶ ፒያኖ በዚህ ረገድ ብቻ ይሻላል።

እዚህ ላይ የቆሎ ተማሪው ይጠቀስ ይሆናል። ደቀ መዛሙርት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ትምህርት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በሚያነበንቡበት ጉባኤ ዳዊት ተደግሟል፣ ዜማም ተቀጽሏል። ልዩነቱ ያ ተማሪ ድምፅን በድምፅ የሚመክት መሆኑ ነው፤ ቋቱን የሚይዘው በራሱ አንደበት ነው፣ ትምህርቱም በብዙ ድግግሞሽ ይሰርጻል። መጣጥፍን በዓይኑ ብቻ አንድ ጊዜ የሚያነብ ሰው ይህ መከታ የለውም።

እንግዲህ ምርጫው በሥራው ይወሰን። ካምፕፌ፣ ሴድልማየርና ሬንከዊትዝ በ2011 በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ የበስተጀርባ ሙዚቃ አጠቃላይ ውጤት ወደ ዜሮ የቀረበ ሆኖ አገኙት፤ ውጤቱን ሲዘረዝሩት ግን ንባብን ሲያውክ፣ ስሜትን ሲያነሣሣ፣ የሙዚቃው ፍጥነትም የሥራውን ፍጥነት ሲነካ ታየ። መጠይቅ ማስገባት እጅና ዓይን የሚለማመዱት ሥራ በመሆኑ ፈጠን ያለ ፒያኖ ድካምንና መሰልቸትን ሊያቀል ይችላል። ቃለ መጠይቅ መገልበጥ ጆሮን ሙሉ በሙሉ ስለሚፈልግ ሙዚቃ ቦታ የለውም። ለንባብ ዝምታ ይመረጣል። ዝምታ በማይገኝበት፣ ለምሳሌ ከጎን ክፍል ወሬ በሚያልፍበት ቤት፣ ፒያኖ ደካማ መጋረጃ ነው፤ መዶሻው ክሩን መትቶ ሲለቅ ድምፁ ወዲያው መሟሸሽ ስለሚጀምር ወሬው በክፍተቶቹ ይገባል። ወጥ የሆነ የዝናብ ወይም የማራገቢያ ድምፅ ለዚህ ይሻላል። እማሆይን ደግሞ ንባብ ከመጀመሩ በፊት ለ10 ደቂቃ፣ መጽሐፉን ዘግቶ ማዳመጥ ይቻላል።

የሚጠራጠር ተመራማሪ በራሱ ላይ ሊሞክረው ይችላል። ርዝመታቸውና ክብደታቸው የተቀራረበ ስድስት መጣጥፎችን መርጦ፣ የትኞቹ በዝምታ የትኞቹ በፒያኖ እንደሚነበቡ በዕጣ ለይቶ፣ ሦስቱን በዝምታ ሦስቱን በፒያኖ ያንብብ። በማግስቱም ጽሑፉን ሳያይ ዋና ዋና ነጥቦቹን ይጻፍና ይቁጠር። ከመቁጠሩ በፊት ግን በየትኛው የተሻለ እንዳነበበ የሚሰማውን ይመዝግብ፤ ስሜቱና ቆጠራው ሁልጊዜ አይስማሙም።