ወረቀቱ ከመሣሪያው ጋር አይሸጥም

አንድ ጠዋት ቡና አፍልቼ አቦሉን ቀድቼ ሳልጨርስ ጎረቤቴ የታጠፈ ወረቀት ይዘው ገቡ። የልጅ ልጆች ያዩ፣ በአርቦዬ የተከበሩ አባወራ ናቸው። «ሲስተር፣ እዚህ ላይ ምስክር ሆነሽ ፈርሚልኝ» አሉኝ።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። የሽያጭ ውል ነው። ከቆላ ከመጣ ሰው ላይ አሮጌ ክላሽ ሊገዙ ተስማምተዋል፤ በሬ ሸጠው ቀብድ ከፍለዋል። ከውሉ ጋር የሻጩ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ፎቶ ኮፒ ተያይዟል። «አየሽ፣ ሕጋዊ ነው» አሉ፣ ኮፒውን በጣታቸው እየመቱ። ባለፈው ክረምት ከአጠገባቸው ካለው ቤት ከብት በሌሊት ተነድቷል፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ስጋታቸውን አልናቅሁትም፤ ግን አልፈረምኩም።

እኔ ነርስ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ አሰላ ጠበቃ ለሆነው ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። ስልኩን ከፍ አድርጌ ሦስታችን ተነጋገርን። የመጀመሪያ ጥያቄው «ፈቃዱ በማን ስም ነው?» የሚል ነበር።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አንድ ሰው ምን ዓይነትና ስንት መሣሪያ መያዝ እንደሚችል ገደብ አበጅቷል፤ ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መግዛትም ሆነ መሸጥ በእስራት ያስቀጣል። ፈቃዱ የሚሰጠው ለሰውዬው ነው። የልጁ ምሳሌ ለጎረቤቴ ቶሎ ገባቸው፦ «አባባ፣ መኪና የገዛ ሰው በሻጩ መንጃ ፈቃድ ይነዳል?» መሣሪያው እጅ በቀየረበት ሰዓት ያ ፎቶ ኮፒ ለገዢው ተራ ወረቀት ነው። እንዲያውም ፍተሻ ላይ ቢገኝ፣ መሣሪያው የሌላ ሰው መሆኑን የሚመሰክር ማስረጃ ይሆናል።

ታዲያ ሻጩ ንጹሕ ሰው ከሆነ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። «ገንዘቡን ከመቀበልህ በፊት ፈቃዱን ወደ ሰጠህ ፖሊስ አብረን እንሂድ፤ እንዲህ ያለው ዝውውር ይቻል እንደሆነ፣ እኔም ፈቃድ ማግኘት እችል እንደሆነ እንጠይቅ» በሉት። የአዋጁ ዋና ተቆጣጣሪ የፌዴራል ፖሊስ ቢሆንም ለእንደኛ ዓይነቱ የመጀመሪያው በር የወረዳው ፖሊስ ነው። ጎረቤቴ ይህንኑ ለሻጩ ደውለው ሲነግሩት ሰውዬው «መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

የቀብዱ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሁላችንም እንደምናውቀው ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም እንዲሁ ይላል። ነገር ግን ያው ሕግ፣ በቁጥር 1716፣ ሕገ ወጥ በሆነ ጉዳይ ላይ የተደረገ ውል እንደማይጸና ይናገራል። ያለ ፈቃድ በተደረገ የመሣሪያ ሽያጭ ውሉን ይዞ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው በገዛ እጁ የጻፈውን ክስ ይዞ እንደሚሄድ ነው። ምስክር ሆኖ የፈረመውም አብሮ ይጠራል፤ እኔ ለዚያ ነበርኩ የተፈለግኩት።

የመሣሪያውስ ታሪክ? በ1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን ወታደሩ ለእንጀራና ለመሳፈሪያ ክላሹን በየመንደሩ እየሸጠ ማለፉን የእኔ እኩዮች አይረሱትም። ዛሬ የሚሸጠው ከዚያ የተረፈ ይሁን፣ ለሚሊሻ የተሰጠ የመንግሥት ንብረት ይሁን፣ ከሰው ቤት የተሰረቀ ይሁን፣ ሰው የተገደለበት ይሁን፣ ብረቱ አይናገርም። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ ግን ብዙ ነገር ይናገራል። ከወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቁ መግዛትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከተማ ያሉ ልጆቻችን የሚያማልላቸው የቱርክ ሽጉጥ ሌላም አደጋ አለው። ከኮንትሮባንዱ ውስጥ ለድምፅ ብቻ ተሠርቶ በኋላ ጥይት እንዲተኩስ የተቀየረ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

የአያት ምንሽር በግድግዳ ላይ የተሰቀለባቸው ቤቶችም አሉ። ባለፈቃዱ ሲያርፉ ፈቃዱ ለወራሾች እንደ መሬትና እንደ ከብት አይከፋፈልም። ተዝካሩ እስኪወጣ እንኳ ሳትጠብቁ ለፖሊስ አሳውቁ። «የአባታችን ማስታወሻ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልግባ፤ ፊርማ የከለከለኝ እሱ ነውና። ጤና ጣቢያ ስሠራ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ታናሹን አቅፈው ካመጡ ሰዎች ኋላ ኋላ እየሮጠ ደረሰ። አባቱ ከጎተራው ጀርባ የደበቀውን መሣሪያ አግኝቶ ነበር። ጥይቱ በትንሹ ገብቶ በሰፊው ወጥቷል። ቤተሰቡ በድንጋጤ ቁስሉን በቡና ዱቄት ሞልቶታል። እባካችሁ፣ ቡናም ሆነ አፈር አታድርጉ፤ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ እየገለጣችሁ አትዩ። ሆዱ ላይ ከሆነ ውሃም አታጠጡ፤ ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት። እኛ ደሙን ለማቆም ታግለን ወደ አሰላ ሆስፒታል ላክነው። ከመንገድ አልተመለሰም። ታላቁ ልጅ ግን በሕይወት አለ፤ አሁን ትልቅ ሰው ነው፣ ገበያ ላይ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

ይህንን ለጎረቤቴ ስነግራቸው ልጁ ጠበቃው ከስልኩ ማዶ አንድ ነገር ጨመረ። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2124 መሠረት ካሳ የሚከፍለው አባት ነው። መሣሪያውን በቸልተኝነት ያስቀመጠው ሰው ደግሞ፣ ሰው ከሞተ፣ በወንጀልም ሊጠየቅ ይችላል። ጎረቤቴ ከእሳቸው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩትን የልጅ ልጆች በጣታቸው ቆጠሩ። አምስት ናቸው።

ሻጩን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ፍርድ ቤት አልሄዱም፤ ነገሩ በጃርሱማ አለቀ። ሽማግሌዎቹ የቀብዱን እኩሌታ አስመለሱላቸው፣ የቀረው ቀረ። በተመለሰው ገንዘብ ለበረቱ ጠንካራ በር አሠርተው፣ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር የሌሊት ጥበቃ ተራ ገብተዋል። በሬው ግን አልተመለሰም፤ ዘንድሮ የሚያርሱት በተውሶ በሬ ነው።