«የደጋ ልጅ ነኝ» ማለት የከፍታ ሕመምን አያስቀርም

ውጭ አገር የምትኖሩ የአገሬ ልጆች ደጋግማችሁ ጠየቃችሁኝ፦ «ዶክተር፣ ከብቸና ሞጣ ብቻዬን በብስክሌት ልጓዝ፣ የጮቄን ተራራም ልወጣ ነው። ደጋ ስለተወለድኩ ከፍታው አይነካኝም አይደል?»

ይነካችኋል። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው እዚያው ሲኖር ነው፤ ቆላማ አገር ወራት ከቆየ ልምዱ ይጠፋል። የጉልበት ብርታትም አያድንም። ብርቱ ነጂ እንዲያውም ቶሎ ስለሚወጣ ይበልጥ ይጋለጣል።

ብቸናና ሞጣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ያልፋል። መጀመሪያ ብቸና ሁለት ሦስት ቀን እረፉ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ መውጣቱን አቁሙ።

መንገዳገድ ወይም መቃዠት ከታየ በሌሊትም ቢሆን መውረድ ግድ ነው። ይህን ደግሞ ታማሚው ራሱ አያስተውለውም፤ ስለዚህ ጮቄን ብቻችሁን አትውጡ።

የመንገዱን ሰላም ቀድማችሁ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ችግር ያለባችሁ ትኬት ሳትቆርጡ ጻፉልኝ።