ድርሃሙ በብር ሲመነዘርና ዱባይ ላይ ሲበላ

ከለቡ መብራት ኃይል ተነስቶ ለሥራ ወደ ዱባይ የሚያቀና ሰው ገና ቦሌ ሳይሸኝ ቤተሰቡ ደመወዙን በብር መንዝሮ ይጨርሰዋል። አምስት ሺህ ድርሃም፣ ድርሃሙ በ30 ብር ብቻ ቢታሰብ እንኳ፣ 150 ሺህ ብር ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ስህተቱ ሰውየው የሚኖረው ለቡ ሳይሆን ዱባይ መሆኑን መርሳቱ ላይ ነው።

ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በዶላር 3.6725 ላይ የተቸነከረ ገንዘብ ነው። በመካከል የተንቀሳቀሰው ብር ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ድርሃሙ ከ16 ብር አይበልጥም ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ30 ብር አለፈ። እዚህ ላለው ቤተሰብ ይህ የደመወዝ ጭማሪ መስሎ ታይቷል። ዱባይ ላለው ሠራተኛ ግን የተጨመረ አንድም ድርሃም የለም፤ ዳቦውንም፣ የቤት ኪራዩንም በዚያው በድሮው ድርሃም ይከፍላል።

ዋናው ነገር የቤት ኪራዩ ነው። ለቡ መብራት ኃይል ላይ ቤት የሚከራይ ሰው በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ከሁለት ወር የበለጠ ቅድመ ክፍያ አይጠየቅም፤ ውሉም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። የዱባይ ልማድ ሌላ ነው። ውሉ የአንድ ዓመት ሲሆን አከራዩ የዓመቱን ኪራይ በአንድ፣ በሁለት ወይም በአራት ቼክ ከፋፍሎ፣ የወደፊት ቀን አስጽፎ በእጁ ያስገባል። ለሒሳብ ያህል የዓመት ኪራዩ 40 ሺህ ድርሃም የሆነ ባዶ አፓርታማ እንውሰድ። በአራት ቼክ ከተስማሙ የመጀመሪያው 10 ሺህ ነው። እንደተለመደው አምስት በመቶ ለመያዣ፣ አምስት በመቶ ደግሞ ለደላላ ሲታሰብ አራት ሺህ ይጨመራል። መብራትና ውሃ ለማስከፈት የከተማው መብራትና ውሃ መሥሪያ ቤት ለአፓርታማ ሁለት ሺህ ድርሃም መያዣ ይቀበላል። አልጋና ምጣድ ሳይገዛ 16 ሺህ ድርሃም ወጣ ማለት ነው፤ የባለ አምስት ሺሁ ከሦስት ወር ደመወዝ በላይ። በዚህም አያበቃም፤ ከዓመቱ ኪራይ አምስት በመቶው የማዘጋጃ ቤት ክፍያ ሆኖ ለ12 ወር ተከፋፍሎ ከመብራትና ከውሃ ሒሳቡ ጋር ይመጣል። በዚህ ምሳሌ በወር 167 ድርሃም መሆኑ ነው።

ገንዘቡ ቢኖርስ? ቼክ ለመጻፍ የባንክ ደብተር፣ ደብተር ለማውጣት የነዋሪነት መታወቂያ፣ መታወቂያ ለማግኘት ደግሞ የጤና ምርመራና የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አዲስ ገቢ ሁሉ ሰንሰለቱ እስኪያልቅ ድረስ ከሰው ጋር ተዳብሎ ክፍል፣ አለዚያም አልጋ ብቻ ይከራያል። ዴይራ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት ስለማይጠፋ እንጀራው አይቸግርም፤ የሚቸግረው በር ዘግቶ መተኛት ነው። ልጃቸው በሄደ በወሩ ይልካል ብለው እቁብ የገቡ ወላጆች ዕጣው ሳይሆን መዋጮው የሚደርስባቸው በዚሁ ጊዜ ነው።

ወደ ውሉ እንመለስ። አምስት ሺህ የሚለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥር ነው፤ መሠረታዊ ደመወዝና አበል። የአገሪቱ ሕግ ለሠራተኛው በስንብት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው የ30 ቀን ክፍያ ይሰጠዋል፤ የሚታሰበው ግን በመሠረታዊው ደመወዝ ብቻ ነው። ሁለት ሺህ መሠረታዊ፣ ሦስት ሺህ አበል ተብሎ የተፈረመ ውል በየወሩ ያው አምስት ሺህ ነው፤ በስንብቱ ቀን ግን ከግማሽ በታች ሆኖ ይገኛል። የደመወዝ ግብር አለመኖሩ እውነት ነው፤ የሙከራ ጊዜው እስከ ስድስት ወር ሊዘልቅ መቻሉም እንዲሁ።

ሙቀቱን ማንም አስቀድሞ ያወራለታል። ከሰኔ እስከ መስከረም 40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ድረስ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው። ብርድ ልብስ ለምዶ ያደገ የለቡ ልጅ ማቀዝቀዣውን ሌት ተቀን ሲያስጮህ የሐምሌ የመብራት ሒሳብ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ለቤት ሠራተኞች ሒሳቡ ሌላ ነው። ማደሪያና ምግብ በሕግ የአሠሪው ግዴታ በመሆኑ የኪራዩ ጣጣ አይነካቸውም። የእነሱ ወጪ ከመሄዳቸው በፊት ያለው ነው። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የመድን ክፍያንም በአሠሪው ላይ ጥሎታል። ለሠራተኛዋ የቀሩት ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና የመሳሰሉት ናቸው። ለቪዛና ለአየር ቲኬት እያለ ብር የሚጠይቅ ደላላ አሠሪው ሊከፍለው የሚገባውን ነው ከእሷ ኪስ የሚያወጣው።