እውነት ወይስ ተረት? ከስልክ የተሰረዘ ፎቶ ይመለሳል?

ከደምበጫ ተነሥቶ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አልፎ ቡሬ በሚገባው አስፋልት ዳር ሞባይል ቤት የሌለበት ከተማ አይገኝም። ወደ እነዚህ ቤቶች ከሚመጣው ችግር ሁሉ ሰውን የሚያስለቅሰው የተሰበረ ስክሪን አይደለም፤ የጠፋ ፎቶ ነው። የልጅ ክርስትና፣ ሠርግ፣ ዓረብ አገር ያለች እህት የላከችው ምስል፣ የመሬት ይዞታ ደብተር ሳይቀር ዛሬ የሚቀመጠው ስልክ ውስጥ ነው። በሕይወቱ ፎቶ ቤት ገብቶ የማያውቅ አባት ሲያርፍ ለለቅሶው የሚታተመው ምስል የሚፈለገው ከልጁ ስልክ ነው።

ያ ፎቶ ሲጠፋ ሁለት ምክር ይሰማል። አንዱ «በቃ፣ ሄደ» ይላል። ሌላው «ምንም አይደል፣ ባሕር ዳር ውሰደው፣ በኮምፒውተር ያወጡታል» ይላል። የመጀመሪያው ገና ያልጠፋውን ያስቀራል፤ ሁለተኛው የማይገኘውን ፍለጋ የትራንስፖርትና የጥገና ገንዘብ ያስወጣል።

«አንዴ ከተሰረዘ አበቃለት»

ተረት ነው። በቅርብ ዓመታት የወጡ የአንድሮይድ ስልኮች የተሰረዘን ፎቶ መጀመሪያ የሚያስገቡት መጣያ ውስጥ ነው። በሳምሰንግ ጋለሪ 30 ቀን ይቆያል። በጎግል ፎቶስ ደግሞ ባክአፕ የተደረገ ፎቶ 60 ቀን፣ ያልተደረገ 30 ቀን ይቆያል። ስሙ በየስልኩ ይለያያል፤ «ትራሽ»፣ «ቢን» ወይም «ሪሰንትሊ ዲሊትድ» ሊል ይችላል። እያንዳንዱ አፕ የየራሱ መጣያ ስላለው ጋለሪውን አይቶ ማቆም አይበቃም፤ ጎግል ፎቶስንና ፋይልስ የሚባለውንም መክፈት ያስፈልጋል። ቀኑ ካላለፈ «ሪስቶር» የሚለውን መንካት ብቻ ነው፤ ገንዘብም ባለሙያም አይፈልግም። «ስልኬ ሞላብኝ» ብሎ መጣያውን ባዶ ያደረገ ሰው ግን ይህን ዕድል በገዛ እጁ ዘግቶታል።

«አፕ አውርድ፣ ሁሉንም ይመልስልሃል»

ይህ ወሬ መሠረት አለው፤ ጊዜው ግን አልፎበታል። ስልክም ሆነ ኮምፒውተር ፋይል ሲሰርዝ መጀመሪያ የሚያጠፋው የፋይሉን አድራሻ ነው። ከእድር መዝገብ ስሙ የተሰረዘ ሰው ቤቱ ውስጥ እንደሚኖር ሁሉ፣ ፎቶውም ሌላ ፋይል ቦታውን እስኪይዝበት ድረስ እዚያው ይተኛል። ጥንት ስልኩ እንደ ፍላሽ ሆኖ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኝ ስለነበር የሚያውቅ ሰው ያንን የተኛ ፎቶ ያወጣው ነበር። «በኮምፒውተር ይወጣል» የሚለው እምነት የመጣው ከዚያ ዘመን ነው።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ ራሱ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው አንድሮይድ 4.3 ጀምሮ ስልኩ ሥራ ሲፈታ፣ በተለይ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ሲያድር፣ የተሰረዙ ፋይሎች የነበሩበት ቦታ ባዶ መሆኑን ለውስጥ ማከማቻው ይነግረዋል፤ ማከማቻውም ያን ቦታ ያጸዳዋል። ከአንድሮይድ 10 ጋር ለገበያ የወጡ ስልኮች ደግሞ የተጠቃሚውን ፋይል እያንዳንዱን በቁልፍ እንዲመሰጥሩ ተገደዋል። ፋይሉ ሲሰረዝ ለመክፈት የሚያስፈልገው መረጃም አብሮ ይሄዳል። ቅሪቱ ቢገኝ እንኳ የሚነበብ ነገር የለውም።

ታዲያ አፑ በመቶ የሚቆጠር ፎቶ አገኘሁ ሲል ምንድን ነው የሚያሳየው? ብዙውን ጊዜ አሁንም ስልኩ ላይ ያሉትን ፎቶዎችና ጋለሪው ለራሱ ያስቀመጣቸውን ትናንሽ ምስሎች ነው። ትንሿ ምስል አንዳንዴ ትጠቅማለች፤ ምንም ከሌለው ሰው እጅ ስትገባ ዋጋ አላት። ግን ተለቅ ብላ ለለቅሶ ትታተም ቢባል ፊቱ ይደበዝዛል። ከዚህ የከፋው አፑን ማውረዱ ራሱ ነው፤ አዲስ ነገር ስልኩ ላይ ይጫናል፤ ሊተርፍ ይችል የነበረውንም ቦታ ሊይዝበት ይችላል። ክፍያ ካላስገባህ አላሳይም የሚለውንና የስልክ ቁጥር ዝርዝርህን ልይ የሚለውን አፕ በፍጹም አይጫኑ።

«ሜሞሪው ፎርማት ልሁን ብሏል፣ ጣለው»

አይጣል! በእኛ አገር ከስልክ ፎቶ የማዳን ትልቁ ተስፋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሜሞሪ ካርድ በአብዛኛው አይመሰጠርም፤ ከስልኩ ወጥቶ በካርድ ሪደር በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ይነበባል። ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ግረኒዬ የሠራው ፎቶሬክ የተባለ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። በነፃ ይገኛል፤ ካርዱን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። የፋይል አድራሻ ቢጠፋም አይቸገርም፤ የጄፔግ ፎቶ ሁሉ በተመሳሳይ ሦስት ባይት ስለሚጀምር ካርዱን ከዳር እስከ ዳር እያሰሰ ያንን መነሻ ይፈልጋል። ፎርማት ከተደረገ ካርድ ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ ፎቶ ያወጣል። የፋይሉን ስም ግን አይመልስም፤ ሠርጉም ክርስትናውም ተደበላልቆ ይወጣል፤ ቁጭ ብሎ መለየት የባለቤቱ ፈንታ ነው።

የሚሠራው ግን ቦታው በሌላ ነገር ካልተያዘ ነው። ፎቶው ከሜሞሪ እንደጠፋ የታወቀ ጊዜ ካርዱን ማውጣት፣ በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ በሌላ ስልክ ዘፈን አለመጫን ያስፈልጋል። ገበያ እስኪደርስ ሳምንት ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ ያልተጻፈበት ካርድ ይጠብቃል። ባለሙያው ጋ ሲደርሱም አንድ ነገር ይንገሩት፦ የተገኘው ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ወይም ሌላ ፍላሽ ላይ ይውረድ፤ እዚያው ካርድ ላይ መልሶ መገልበጥ ያልወጣውን ይደመስሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ደግሞ አለ። ሜሞሪ ስለገባ ብቻ ፎቶው ሜሞሪው ላይ አይቀመጥም። በብዙ አዳዲስ ስልኮች ካሜራው የሚያስቀምጠው ውስጥ ነው፤ በካሜራው ሴቲንግ ገብቶ ወደ ሜሞሪ ካርድ መቀየር ያስፈልጋል። ሌላው፣ ካርዱ ሲገባ ስልኩ «እንደ ውስጥ ማከማቻ ልጠቀምበት?» ብሎ ከጠየቀና እሺ ከተባለ፣ ካርዱ በዚያ ስልክ ቁልፍ ይመሰጠራል። ስልኩ ከተበላሸ ካርዱ በየትም ቦታ አይከፈትም።

«ፓተርኑን ይከፍቱታል፣ ፎቶው አይነካም»

በአዳዲስ ስልኮች፣ በተለመደው የጥገና መንገድ፣ ተረት ነው። ፓተርን ወይም ፓስወርድ የተረሳበት ስልክ የሚከፈተው በሃርድ ሪሴት ወይም እንደገና ፍላሽ በማድረግ ነው፤ ሃርድ ሪሴት ደግሞ የምስጠራውን ቁልፍ ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባም ቢወሰድ የውስጡ ፎቶ አይመለስም። ከኳሪት ወይም ከሰከላ ወርዶ «ክፈቱልኝ» የሚል ገበሬ የሚጠይቀው ስልኩ እንዲከፈት ነው፤ የልጁን ፎቶ እንዲያጠፉበት አልጠየቀም። በተለመደው ሪሴት የሜሞሪ ካርዱ ፎቶ አይነካም፤ ቢሆንም ካርዱንም ሲሙንም አስቀድሞ ማውጣት ይሻላል።

ያው ምስጠራ በሌላ በኩል ይጠብቀናል። «ስልኬን ብሸጥ የገዛው ሰው ፎቶዬን ያወጣዋል» ብለው የሚሰጉ፣ በተለይ ሴቶች፣ ብዙ ናቸው። የተመሰጠረ ስልክ ከሴቲንግ በደንብ ሪሴት ከተደረገ ያ ስጋት አይኖርም። ሜሞሪውን ግን ከስልኩ ጋር አይሽጡ።

«ጎግል ሁሉንም ያስቀምጠዋል»

ጎግል ፎቶስ ባክአፕ ካልበራ ምንም አያስቀምጥም። ቢበራም ሞባይል ዳታ እንዲጠቀም ካልተፈቀደለት ዋይፋይ እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ዋይፋይ የሚገባበት ቤት ስንት ነው? በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ሲበረታ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆየ። ስልኩ ባክአፕ ላይ ነው ብሎ የተማመነ ሰው ዋይፋይ ካላገኘ በእነዚያ ወራት ያነሣው ሁሉ ከስልኩ አልወጣም። በነፃ የሚሰጠው ቦታም ከ2021 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር ወዲህ ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር ተደምሮ 15 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ሲሞላ ይቆማል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው። ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ሻጩ ነው። ገዢው አድራሻውንም ፓስወርዱንም አያውቅም። ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሪሴት ሲደረግ ፎቶው ጎግል ላይ በደህና ተቀምጦ ሳለ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ይቀራል።

ቴሌግራም ከዚህ ይሻላል፤ በተለመደው የቴሌግራም መልእክት የተላከ ፎቶ ከስልኩ ቢጠፋም ቴሌግራም ላይ ስለሚቆይ በዚያው ቁጥር ገብቶ እንደገና ማውረድ ይቻላል። ስለዚህ ሲሙ ከጠፋ ቁጥሩን ማስመለስ ፎቶን ማስመለስም ነው። ግን ለረጅም ወራት ያልተከፈተ አካውንት ይሰረዛል። በዜንደር ወይም በብሉቱዝ የተላለፈ ፎቶ በየትም ሰርቨር የለም፤ የሚገኘው ከተቀበለው ሰው ስልክ ነው። ሚዜዎቹን፣ ዘመዶቹን፣ ፎቶውን ያተመውን ፎቶ ቤት መጠየቅ ከማንኛውም አፕ በፊት መደረግ ያለበት ሥራ ነው።

ለበዓል ከከተማ ወደ ገጠር የምትገቡ ልጆች፣ የእናታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ በማን ጂሜይል እንደሚሠራ እዩ፤ አድራሻውንና ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከመሬት ደብተሩ ጋር አስቀምጡላት፤ ፎቶዎቹንም ሜሞሪ ላይ ገልብጡላት። የሞባይል ጥገና ባለሙያዎች፣ እናንተም ሪሴት የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት «ውስጡ የምትፈልገው ፎቶ አለ ወይ?» ብላችሁ ባለቤቱን ጠይቁት።