መጀመሪያ የሸማኔው ድርሻ



በከተሞቻችን አንድ መልካም ልማድ ከተጀመረ ሰነባብቷል። ሆቴሉ ወይም ምግብ ቤቱ አዳራሹን ይከፍታል፤ ሠዓሊው ሥዕሉን፣ ሸማኔው ጋቢውን፣ እናት በእጇ የሰፋችውን መሶብ ይዘው ይቀርባሉ፤ ሕዝቡ ያያል፣ ይገዛል፤ ከገቢውም ለየቲሞች፣ ለሕሙማን ወይም ለአረጋውያን ይሰጣል። በአዲስ አበባ ሸራተን አዲስ ሆቴል «አርት ኦፍ ኢትዮጵያ» በተሰኘው ዐውደ ርእዩ የበርካታ ሠዓሊያንን ሥራ ለሽያጭ አቅርቧል። ቦሌ የነበረው ማኩሽ ደግሞ ምግብ ቤትና የሥዕል መሸጫ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ለዓመታት የተሠራበት ቤት ነው። የዲፕሎማቶች ባለቤቶች በየዓመቱ ሲያዘጋጁት የቆዩት ባዛርም ገቢው ለበጎ አድራጎት የሚውል መሆኑ ይታወቃል።

ይህ ልማድ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ወረታ፣ ወደ ንፋስ መውጫ ቢመጣ ደስ ይለናል። ነገር ግን ከመምጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። በዐውደ ርእዩ ማብቂያ ችግረኛው ይረዳል፣ ባለ ሆቴሉ ይመሰገናል፣ ገዢውም ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ሸማኔውስ ምን ይዞ ይሄዳል?

ሁለት ዲርሃም

አቡ ዳውድና ኢብን ማጃህ ከአነስ (ረ.ዐ.) ይዘው የዘገቡት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ትልቅ መልስ አለው። ከአንሷር ወገን የሆነ አንድ ችግረኛ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሊለምን መጣ። እሳቸውም በቤቱ ምን እንዳለ ጠየቁት። የነበረው ግማሹን ለብሰው ግማሹን የሚያነጥፉት አንድ ጨርቅና ውኃ የሚጠጡበት አንድ የእንጨት ዋንጫ ብቻ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለቱንም አስመጥተው በሰው ፊት ለጨረታ አቀረቡ። አንዱ አንድ ዲርሃም አለ። የሚጨምር እንዳለ ደጋግመው ሲጠይቁ ሌላው ሁለት ዲርሃም ሰጥቶ ወሰደ። ሁለቱን ዲርሃም ለሰውየው ሰጡት፤ በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት። መጥረቢያውን ሲያመጣም እጀታውን በገዛ እጃቸው አስገቡለትና እንጨት እየለቀመ እንዲሸጥ፣ እስከ አሥራ አምስት ቀንም እንዳያዩት ነግረው አሰናበቱት። ሰውየው ሲመለስ አሥር ዲርሃም አትርፎ ነበር።

እንግዲህ እናስተውል። በዚህ ጨረታ የተሰበሰበው ገንዘብ ትንሽ ነው። ፍሬው ግን ሰውየው ለማኝ ሆኖ መጥቶ ሠራተኛ ሆኖ መሄዱ ነው። ከገንዘቡ እኩሌታው የዕለቱን ረኃብ አስታገሠ፤ እኩሌታው መሣሪያ ገዛ። ለችግረኛ ተብሎ የሚዘጋጅ ማንኛውም ሽያጭ በዚህ ሚዛን ቢመዘን መልካም ነው።

የእጃችን ታሪክ

በእኛ ደጋ የእጅ ሥራ አዲስ ነገር አይደለም። ለደብረ ታቦር ቅርብ የሆነው ጋፋት በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የአገሪቱ ብረት ሠራተኞች የተሰበሰቡበት መንደር ነበር። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚያ ነው፤ ወደ መቅደላ የተጎተተውም ከዚያ ነው።

የሙስሊሙም ታሪክ ከሸማ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1660 ዓ.ም. ግድም አፄ ዮሐንስ 1ኛ ሙስሊሞች በጎንደር ከሌላው ተለይተው እንዲኖሩ ከወሰኑ በኋላ፣ በዘመኑ ሥርዓትም የመሬት ርስት ስለማይፈቀድላቸው፣ አባቶቻችን እጃቸውን ወደ ንግድና ወደ ሽመና አዞሩ። ገበሬውም ባለሥልጣኑም የሚለብሰው ሸማ ከእነዚህ ሸማኔዎች እጅ ይወጣ ነበር። የመሬት ጉዳይ በ1967ቱ አዋጅ ተለወጠ። የሙያው ንቀት ግን አብሮ አልተሻረም። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪውና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ የተጠሩበት ዘመን ገና ከአእምሯችን አልወጣም።

በመምህርነታችን ያየነው አለ። የወላጅ ሙያ በሚጠየቅበት ቅጽ ላይ «ነጋዴ» ብሎ የሚሞላ የሸማኔ ልጅ አጋጥሞናል። አባቱ ድሩን አድርቶ፣ መወርወሪያውን እየላከ ያሳደገው ልጅ ነው! ልጁን ልንወቅሰው አንችልም፤ ከእኛው የተማረው ነውና። በመስጊድ ስለ ሐላል ሪዝቅ እየሰማ፣ በመንገድ ላይ የእጅ ሥራ ሲናቅ ካየ የትኛውን ሊያምን ነው?

ከዚህ አኳያ ዐውደ ርእይ ከገንዘብ ማሰባሰቢያነቱ በላይ ጥቅም አለው። የሸማኔው ሥራ ስሙ ተጽፎበት፣ በከተማው ደህና አዳራሽ፣ በብርሃን ቦታ ሲሰቀል ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ያየዋል። የሚቀጥለውን ቅጽ ሲሞላ ምናልባት እውነቱን ይጽፍ ይሆናል።

በአውራ አምባ ያለው

ለዚህ ሐሳብ ቅርብ የሆነ ምሳሌ በራሳችን ዞን አለ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲጓዙ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ፣ በፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ነው። በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት ተመሠረተ። በእምነት ጉዳይ የያዙት መንገድ ከእኛ የተለየ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የዛሬው ርእሳችን ግን አሠራራቸው ነው።

ማኅበረሰቡ ያለው መሬት ሃያ ሄክታር እንኳ ስለማይሞላ በእርሻ ብቻ መኖር አልቻለም። ስለዚህ ወደ ሽመና ዞረ። በደጋው ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ በአውራ አምባ ግን ወንዱም ይፈትላል፣ ሴቷም ትሸምናለች። እንግዳ ሲመጣ ሸማው ሲሠራ ያያል፤ ከመሸጫው ጋቢ፣ ነጠላ ወይም የአልጋ ልብስ ይገዛል። ከሳምንቱ የሥራ ቀናት የአንዱ ቀን ውጤት «ለወገን ደራሽ» ተብሎ ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ለወላጅ አልባ ሕፃናት ይውላል። የቀረው የሠራተኞቹ ነው።

በአጭሩ ሸማው የሚሠራበት፣ የሚታይበትና የሚሸጥበት እንዲሁም አረጋዊው የሚጦርበት በአንድ መንደር ነው። የችግረኛው ድርሻ ታውቋል፤ የሠራተኛውም ድርሻ ታውቋል። አንዱ የሌላውን አይበላም።

ነገር ግን ከሩቅ በሚመጣ እንግዳ ላይ የተመሠረተ ሽያጭ እንግዳው ሲቀር ይጎዳል። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተከሰተው ግጭት ምክንያት የጎብኚው እግር ሳስቷል። ሸማኔው አሁን የሚጠብቀው ገዢ ጎረቤቱን ነው፤ እርሱም እኛው ነን። የከተማችን ሆቴሎችና ቡና ቤቶች በራቸውን ቢከፍቱ ጊዜው አሁን ነው የምንለው ለዚህ ነው።

በእኛ ከተማ ቢደረግስ?

የሚታየው አይታጣም። ከፋርጣ በግ ጠጉር የሚሠራው ባናና በርኖስ አለ። ሸማው ከነጥለቱ፣ መሶቡና ሰፌዱ ከነአለላው አለ። በቁርኣን ቤት ያሉ ልጆቻችን በሉሕ ላይ የሚለማመዱት የዐረብኛ ጽሕፈትም በክብር ሊቀርብ ይችላል። የሕያዋንን ምስል በተመለከተ የዑለሞች አስተያየት ስላለበት አዘጋጆቹ አስቀድመው ቢጠይቁ ይበጃል። ከዚህ ሌላ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ ሠሪው ሥራውን በነጻ እንዲሰጥ አይገደድ። «ለየቲም ነው» ሲባል እምቢ ማለት የሚያሳፍረው ድሃ ሸማኔ የሳምንት ድካሙን ሰጥቶ ባዶ እጁን ቢመለስ፣ አንዱን ችግረኛ ለመርዳት ሌላ ችግረኛ ፈጠርን ማለት ነው። ዋጋው አስቀድሞ ይነገር። ለምሳሌ ሸማኔው ለጋቢው 2,000 ብር ይገባኛል ካለ፣ በዐውደ ርእዩ 2,500 ብር ይሸጥ፤ 2,000ው ለእርሱ በዕለቱ ይከፈል፣ 500ው ለሰደቃው ይግባ። ባለ ሆቴሉ አዳራሹን በነጻ ከሰጠ የእርሱ ሰደቃ ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ቶምቦላ ይቅር። በባዛር ላይ ትኬት ሽጦ ዕጣ ማውጣት የተለመደ ቢሆንም፣ ብዙ ሰው ከፍሎ አንዱ በዕድል የሚወስድበት ነገር ከቁማር የሚቆጠር በመሆኑ ዓላማው በጎ ስለሆነ ብቻ አይፈቀድም። ጨረታ ግን ከላይ እንዳየነው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሠሩበት ነው። በእሱም ቢሆን መግዛት ሳይፈልግ ዋጋ ለማናር ብቻ የሚጫረት ሰው አይኑር፤ ይህ ነጅሽ ይባላል፣ የተከለከለም ነው።

ሦስተኛ፣ ዘካ ከሰደቃ ጋር አይቀላቀል። ጋቢ የገዛ ሰው ለገንዘቡ ዕቃ አግኝቷልና የከፈለውን ከዘካው ሊቆጥረው አይችልም። በአዳራሹ ዘካውን መስጠት የሚፈልግ ካለ ለብቻው ሣጥን ይቀመጥለት፤ ከዚያ ሣጥን ለመድረክ ማስጌጫም ሆነ ለሻይ ምንም አይነካ።

አራተኛ፣ ችግረኛው መድረክ ላይ አይውጣ። የሰው ልብ እንዲራራ ብሎ የየቲሙን ልጅ በሕዝብ ፊት ማቆም ልጁን ማቁሰል ነው። በሱረቱል በቀራ አላህ (ሱ.ወ.) ሰደቃን በግልጽ መስጠት መልካም እንደሆነ፣ ለድሆች በስውር መስጠት ግን እንደሚበልጥ፣ በመመጻደቅና ሰውን በማስከፋት የሚሰጥ ሰደቃም እንደሚበላሽ ያስተምረናል። የሚታየው ጋቢው ይሁን እንጂ ልጁ አይሁን።

አምስተኛ፣ ሒሳቡ ይነገር። ስንት ተሸጠ? ለሠሪዎች ስንት ተከፈለ? ለችግረኞች ስንት ደረሰ? በሳምንቱ በዚያው ሆቴል ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ። ሕዝባችን ገንዘቡን የሚነፍገው ከስስት ብቻ አይደለም፤ የት እንደገባ ስለማይነገረውም ነው።

በመጨረሻም ከሰደቃው ገንዘብ የተወሰነው ለዕለት ምግብ፣ የተወሰነው ለመሣሪያ ቢመደብ ምንኛ መልካም ነው! አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ባዘቶና እንዝርት፣ ሥራ ያጣ ወጣት የሸማኔ ዕቃ ቢያገኙ፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያ አዳራሽ የሚመጡት ሊረዱ ሳይሆን ሊሸጡ ይሆናል።

ወላጆች ሆይ! እንዲህ ያለ ዐውደ ርእይ በአካባቢያችሁ ሲዘጋጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሠራውን ሰው ስም አንብቡላቸው፤ ካለም ሰላምታ ይስጡት፣ እንዴት እንደሠራው ይጠይቁት። አቅም ከፈቀደ ግዙ፤ ስትገዙም ከሸማኔው ዋጋ ለማስቀነስ ብዙ አትከራከሩ። እስከዚያው ግን ዐውደ ርእይ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሸማኔው ዛሬም በመንደራችን አለ።

አላህ (ሱ.ወ.) የእጃችንን ሥራ ይባርክልን፤ ሰደቃችንንም ይቀበለን። አሚን።