ግትርነትን መቃኘት፦ የተራራ ብስክሌት ፍሬም የት ይጽና፣ የት ይተጣጠፍ?

በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርታዊ ገለጻ መድረክ ከቀረበው ንግግር ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ



በአማርኛ አንድን ሰው «ግትር ነው» ብንል ማመስገናችን አይደለም፤ የማይሰማ፣ ጎንበስ ማለትን የማያውቅ ማለታችን ነው። በብስክሌት ገበያ ግን ይኸው ቃል ለረጅም ዘመን ሙገሳ ሆኖ ኖሯል። ፍሬሙ ይበልጥ ግትር በሆነ ቁጥር ይበልጥ መልካም እንደሆነ ሲነገር ቆይቷል። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው ይህ ሙገሳ ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑን ነው። ክራር መቺ አውታሮቹን ሁሉ አቅማቸው እስከሚፈቅደው ድረስ አይወጥርም፤ እያንዳንዱን በሚገባው ልክ ይቃኛል። የተራራ ብስክሌት ንድፍ አውጪም ሥራው ግትርነትን ማብዛት ሳይሆን ግትርነትን መቃኘት ነው።

አስቀድመን ሁለት ቃላትን እንለይ። ግትርነት ስል አንድ አካል ጫና ሲያርፍበት ቅርጹን ላለመለወጥ የሚያሳየውን እምቢታ ማለቴ ነው፤ ለምሳሌ በኒውተን ለሚሊሜትር ይለካል። ጥንካሬ ደግሞ ሳይሰበር ወይም እንደ ጎበጠ ሳይቀር የሚሸከመው የጫና ልክ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጠንካራ ነው፣ ግትር ግን አይደለም። የሸክላ ምጣድ ግትር ነው፣ ጠንካራ ግን አይደለም። እነዚህን ሁለቱን ማምታታት ዋጋ ያስከፍላል፤ እኔ ራሴ ያስከፈልኩትን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የተራራ ብስክሌት ታሪክ ከዚህ ጥያቄ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በማሪን ካውንቲ፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወጣቶች ባለ ወፍራም ጎማ አሮጌ ብስክሌቶችን እየጠገኑ ቁልቁለት ይወርዱባቸው ነበር። በ1976 የጀመሩት ውድድር «ሪፓክ» ተባለ፤ እንደገና መሙላት ማለት ነው። የኋላው ፍሬን በቁልቁለቱ ግሎ ግሪሱን ስለሚያቃጥል ከወረዱ በኋላ በአዲስ ግሪስ መሞላት ነበረበት። በ1977 ጆ ብሪዝ ለዚሁ ግልቢያ ተብሎ የታሰበ አዲስ ፍሬም ሠራ። ከመሪው አንገት ተነሥተው በግራና በቀኝ እስከ ኋላው ጎማ መያዣ የሚደርሱ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎችን ጨመረበት፤ ዓላማው ፍሬሙ እንዳይወላገድ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን የተራራ ብስክሌቶች እነዚያን ተጨማሪ ቱቦዎች ተዉአቸው። ለምን? መልሱ ያለው በቱቦ ጂኦሜትሪ ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው ግትርነት ከቁሱ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ብረት እንዲህ ነው፣ አልሙኒየም እንዲያ ነው ይላል። ቁጥሮቹን እንመልከት። የብረት የመለጠጥ መጠን፣ ማለትም የያንግ ሞዱለስ፣ ወደ 200 ጊጋፓስካል ነው፤ የታይታኒየም ውሑዶች ወደ 110፣ የአልሙኒየም ወደ 70። እፍጋታቸውን ብናይ ብረት በግምት 7.8፣ ታይታኒየም 4.5፣ አልሙኒየም 2.7 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ብናካፍል ሦስቱም ወደ 25 ይጠጋሉ። ለክብደታቸው ሲመዘኑ ሦስቱ ብረታ ብረቶች እኩል ግትሮች ናቸው ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ ውድ የሆነው ባለ ከፍተኛ ጥንካሬ ብረትና ተራው ብረት የያንግ ሞዱለሳቸው አንድ ያህል ነው። ውዱ ብረት የሚጠቅመን ቱቦውን አሳስተን እንድንሠራ ስለሚፈቅድልን ነው፤ የሳሳው ቱቦ ደግሞ ይበልጥ ይተጣጠፋል። እንግዲህ «ጠንካራ ብረት ስለሆነ ግትር ነው» የሚለው አነጋገር ከሥሩ የተሳሳተ ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ቅርጽ ነው። ስስ ግድግዳ ያለው ቱቦ ለመጉበጥም ሆነ ለመጠምዘዝ የሚያሳየው ግትርነት በዲያሜትሩ ሦስተኛ እርከንና በግድግዳው ውፍረት ልክ ያድጋል፤ ክብደቱ ግን በዲያሜትሩና በውፍረቱ ብዜት ብቻ። ስለዚህ ዲያሜትሩን እጥፍ፣ ውፍረቱን ግማሽ ብናደርግ ክብደቱ ሳይለወጥ ግትርነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሸምበቆ ክፍት ሆኖ ሳለ ነፋስን የሚቋቋመው በዚሁ ሕግ ነው።

በምሳሌ እናስላው። ውጫዊ ዲያሜትሩ 28.6 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 0.9 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ቱቦ በአንድ ሜትር ወደ 610 ግራም ይመዝናል። ዲያሜትሩ 44፣ ውፍረቱ 1.4 ሚሊሜትር የሆነ የአልሙኒየም ቱቦ ደግሞ ወደ 510 ግራም ይመዝናል። ቁሱ ከብረት በሦስት እጥፍ ገደማ የለዘበ ቢሆንም፣ የአልሙኒየሙ ቱቦ ሲጎብጥ ከብረቱ እጥፍ ግትር ሆኖ ይገኛል። የአልሙኒየም ፍሬም «ደረቅ» ነው የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ንድፍ አውጪው ቱቦውን የሚያወፍረው በከንቱ አይደለም። አልሙኒየም እንደ ብረት ግልጽ የሆነ የድካም ወሰን ስለሌለው፣ ተደጋጋሚ ጫና ቀስ በቀስ እንዳይሰነጥቀው ውጥረቱን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ግትርነቱ እድሜውን ለማስረዘም ከተደረገው ጥንቃቄ ጋር አብሮ የመጣ ነው።

ቅርጽን ግን ያለ ገደብ መለጠጥ አይቻልም። ግድግዳው እጅግ ከሳሳ አንድ የድንጋይ ፍንጣሪ ይሰረጉደዋል፤ በጫናም እንደ ባዶ ቆርቆሮ ጣሳ ይጨማደዳል።

አሁን ወደ አቅጣጫ ጥያቄ እንለፍ። ኋላው ሰስፔንሽን የሌለውን ተራ ፍሬም ከጎን ስታዩት ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ተገጣጥመው ታገኛላችሁ፤ የድልድይ ትረስ ይመስላል። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ለሚመጣ ጫና እጅግ ግትር ነው። አንዳንድ ሻጮች «ይህ ፍሬም ጉድጓዱን ይውጥልሃል» ሲሉ ምን ያህል እውነት እንዳላቸው በተከታታይ የተያያዙ ሞላዎች ሕግ መመዘን እንችላለን። የጎማውን ግትርነት 1፣ የፍሬሙን 10 ብለን እናስብ። የሁለቱ ጥምር 0.91 ይሆናል። ፍሬሙን እጥፍ ግትር ብናደርገው ጥምሩ 0.95 ነው፤ ለውጡ 5 በመቶ አይሞላም። በተከታታይ ሰንሰለት ውስጥ የሚወስነው ለስላሳው ነው። ከጎማችሁ ጥቂት አየር ብታስተነፍሱ ከዚህ የበለጠ ለውጥ ይሰማችኋል፤ ያውም ያለ ምንም ወጪ።

ወደ ጎን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጋላቢው ኩርባ ላይ ብስክሌቱን 30 ዲግሪ አዘነበለ እንበል፤ ከፊቱም 10 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው ሥር አለ። መሬቱ ጎማውን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሰስፔንሽኑ ግን የሚሠራው በጎማው ዝርግ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ የሚደርሰው ድርሻ 8.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቀሪው 5 ሚሊሜትር ጎማውን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ለዚህኛው አቅጣጫ የተሠራ ሞላ የለም። የሚቀበሉት የጎማው ግድግዳ፣ የቸርኬው ሽቦዎች፣ የፊት ሹካውና ፍሬሙ ናቸው። ሁሉም ግትር ከሆኑ ጎማው ከመሬት ይነጠቃል፤ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ አይዝም። በጣም ከረገቡ ደግሞ የፊቱና የኋላው ጎማ መስመራቸውን ይስታሉ፤ ጋላቢው መሪውን ያዞራል፣ ብስክሌቱ ዘግይቶ ይታዘዛል፣ ከኩርባው ሲወጣም እንደ ዓሣ ጅራት ይወናጨፋል። መልካሙ ነጥብ በሁለቱ መካከል ነው።

ይህን አስቀድመው በጥልቀት የፈተሹት የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም መሐንዲሶች ናቸው። በሞቶ ጂፒ ጋላቢዎች ከ60 ዲግሪ በላይ ያዘነብላሉ፤ በዚያ ማዕዘን ሰስፔንሽኑ ለእብጠቱ ብዙም አይደርስለትም። ዱካቲ ከ2009 ጀምሮ በካርቦን ፋይበር አካል ተወዳድሮ በ2012 እንደ ጃፓን ተፎካካሪዎቹ ወደ አልሙኒየም ፍሬም ዞሯል። የለውጡን ምክንያት በአንድ ነገር ብቻ መወሰን አይገባም። ይሁን እንጂ በዚያ ሙያ ወደ ጎን መተጣጠፍ እንደ ጉድለት መታየቱ ቀርቶ እንደ አንድ የንድፍ መለኪያ መታየት ከጀመረ ቆይቷል። የቁልቁለት ብስክሌት ተወዳዳሪዎችም ዛሬ በዚሁ መንገድ ያስባሉ።

ቅኝቱ በምን ይሠራል? በብረታ ብረት ፍሬም መሣሪያዎቹ የቱቦው ዲያሜትር፣ የግድግዳው ውፍረትና የመስቀለኛ ቅርጹ ናቸው። ክብ ያልሆነ፣ ወደ ጎን ሰፋ ያለ ቱቦ በጎን ግትር፣ በቁመት ለዘብ ያለ ይሆናል። ካርቦን ፋይበር ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል፤ ቃጫው ግትር የሚሆነው በራሱ አቅጣጫ ብቻ ነውና። በቱቦው ርዝመት የተነጠፈው መጉበጥን፣ በ45 ዲግሪ ግራና ቀኝ የተነጠፈው መጠምዘዝን ይከላከላል። ስለዚህ ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጡ፣ በዓይን የማይለዩ ሁለት ፍሬሞች በንጣፋቸው ብቻ የተለያየ ጠባይ ሊኖራቸው ይችላል።

የፍሬም መጠንም አይዘነጋ። በአንድ ጫፉ የተያዘ ዘንግ በሌላው ጫፉ ሲጫን የሚጎብጠው በርዝመቱ ሦስተኛ እርከን ነው፤ 10 በመቶ ቢረዝም 33 በመቶ ይበልጥ ይጎብጣል። ፍሬም ከተራ ዘንግ የተወሳሰበ ቢሆንም ዝንባሌው ይኸው ነው። በአንድ ዓይነት ቱቦ ትንሹንም ትልቁንም ፍሬም የሚሠራ አምራች ለ55 ኪሎዋ ጋላቢ ድንጋይ፣ ለ95 ኪሎው ጋላቢ ጎማ ያቀርባል። አንዳንድ አምራቾች ቱቦውን ወይም ንጣፉን በየመጠኑ የሚለዋውጡት ለዚህ ነው።

ቃል የገባሁትን ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ የብረት ፍሬሙ ከመሪው አንገት ሥር ተሰንጥቆ ወደ እኔ አመጣው። እኔም ሳልመረምር «ወፍራም ብረት ደርባችሁ በይዱት» አልኩ። በየዱት፤ ያ ቦታ እንደ ድንጋይ ጸና። ሁለት ወር ሳይሞላ ቁልቁለት ላይ ታችኛው ቱቦ ተቆረጠ። የተቆረጠውም ድሮ በተሰነጠቀበት ሳይሆን የደረብነው ብረት በሚያልቅበት መስመር ላይ ነበር። ልጁ ክንዱ ተሰበረ። ግትርነት በድንገት በሚለወጥበት ቦታ ውጥረት ይከማቻል፤ እኔ ስንጥቁን አላዳንኩትም፣ ቦታውን ብቻ አዛወርኩት። መደረግ የነበረበት ስስ ብረት ጫፉን እያሾሉ፣ ጫናው ቀስ እያለ ወደ ቱቦው እንዲተላለፍ ማድረግ ነበር። ይህን ሕግ መጽሐፍ ላይ አውቀው ነበር፤ እንደ አደራ የያዝኩት ግን ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ተማሪዎቼ፣ ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። የፍሬሙን ኋላ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ በመሪው አንገት ላይ በጎን 10 ኪሎ አንጠልጥሉ፣ በሚሊሜትር መለኪያ ምን ያህል እንደ ዘነበለ አንብቡ። 2 ሚሊሜትር ቢሆን ግትርነቱ 49 ኒውተን ለሚሊሜትር ነው። ማሰሪያችሁ ራሱ እንደሚተጣጠፍ ግን አትርሱ፤ እርሱም በሰንሰለቱ ውስጥ አንድ ሞላ ነው፣ ለብቻው ለክታችሁ ቀንሱት።

ከዚያ በኋላ አንድ ፍሬም «ግትር ነው» ሲሏችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በየትኛው አቅጣጫ? በየትኛው ቦታ? ለየትኛው ጋላቢ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ግትርነት፣ በፍሬምም ሆነ በሰው፣ ሙገሳ አይገባውም።