እፉኝት እናቷን አትገድልም

ጥቅምት ላይ በጅማዋ የቡ ውስጥ ቤት የሚቀር ሰው ጥቂት ነው። ቡናው ቀልቷል፤ ሴቱም፣ ወጣቱም፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅም ቅርጫቱን ይዞ ወደ ማሳ ይወርዳል። ከቅርንጫፍ የሚለቀመው ፊት ለፊት ስለሚታይ አያስፈራም። የሚያስፈራው ከዋንዛውና ከብርብራው ጥላ ሥር፣ በረገፈ ቅጠል ውስጥ ተበታትኖ የሚገኘው ነው፤ እሱ የሚለቀመው ጎንበስ ብሎ፣ ቅጠሉን በባዶ እጅ እየገለጡ ነው። ስለ እፉኝት የሚወራውም በዚህ ሰሞን ይበዛል። በኦሮምኛ ቡቲ ትባላለች። እናቷን ገድላ ትወለዳለች፣ ቂም ትይዛለች፣ ላም ትጠባለች፣ መርዟን ጥቁር ድንጋይ ይመጠዋል ይባልላታል። አብዛኛው እውነት አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ወሬው ሐሰት መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ጥንቃቄውን ሁሉ በማያስፈልግበት ቦታ እንዲጨርስ ማድረጉ ነው።

ከሁሉ የቆየው የእናት መግደሉ ወሬ ነው። እፉኝት ስትፀነስ እናቷ አባቷን ትገድላለች፣ ልጆቹ ደግሞ የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ ይባላል። ይህን ያመጣው የእኛ ገበሬ አይደለም። የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን ጽፎታል። በኋላም ፊሳልጎስ የተባለው የእንስሳት መጽሐፍ ያዘው፤ መጽሐፉ ከግሪክ ወደ ግእዝ ሲተረጎም ታሪኩ ወደ እኛ ሊቃውንት ገባ፣ ከእነሱም ወደ ስብከቱና ወደ ቤቱ ወረደ። በማቴዎስ ወንጌል ፈሪሳውያን በእፉኝት ልጆች የተመሰሉበትን ቦታ መምህራን ሲያብራሩ ይህንኑ ሲተርኩ ኖረዋል። ወላጁን የበደለ ልጅም ዛሬ ድረስ በእፉኝት ልጅ ይመሰላል።

እውነታው ሌላ ነው። አብዛኞቹ እባቦች እንቁላል ይጥላሉ። እፉኝት ግን እንቁላሏን በሆዷ ይዛ ልጆቿ እዚያው ያድጋሉ። ጊዜያቸው ሲደርስ እያንዳንዱ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ፣ በተፈጥሮው መውጫ፣ አንድ በአንድ ይወጣል፤ ሽፋኑን ይቀድና መንገዱን ይጀምራል። የሚቀደደው ይህ ሽፋን እንጂ የእናት ሆድ አይደለም። በአገራችን በስፋት የምትገኘው እፉኝት በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ልትወልድ ትችላለች። በቼክ ሪፐብሊክ መካነ እንስሳት የነበረች፣ ከኬንያ የሄደች አንዲት እፉኝት በአንድ ወሊድ 156 ልጆች መውለዷ ተመዝግቧል። እናቲቱ ከወሊድ በኋላ ትከሳለች፣ ትራባለች፤ ግን ትኖራለች፣ በሌላ ጊዜም ትወልዳለች። ወንዱንም አትገድለውም።

ታዲያ ወሬው ይህን ያህል ዘመን እንዴት ቆየ? ምክንያቱን መገመት አይከብድም። እርጉዝ እፉኝት በዱላ ወይም በገጀራ ስትመታ ሆዷ ይቀደዳል፤ ስንዝር የማይሞሉ ሕያዋን ልጆች ከውስጡ እየተላወሱ ይወጣሉ። ይህን ያየ ሰው እናታቸውን የገደሉት እነሱ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። የገደላት ግን ዱላው ነው።

ልጆቹ ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ መርዝ አላቸው፣ ማደንም ይችላሉ። ከዚህ ተነሥቶ የልጅ እባብ መርዝ ከአዋቂው ይብሳል የሚል አለ። ትንሿም እንዳትነካ ማስጠንቀቁ ተገቢ ነው፤ አዋቂዋ ግን በአንድ ንክሻ የምትለቀው መርዝ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ይበልጥ የምትጎዳው እሷ ናት።

የአሜሪካ ፊልም ያየ ወጣት ጅራቱን የሚያንቋቋው እባብስ እኛ ጋ የለም ወይ ብሎ ይጠይቃል። የለም። ያ እባብ ከደቡብ ካናዳ እስከ አርጀንቲና ባለው ምድር ብቻ የሚኖር ነው፤ አፍሪካ ውስጥ አንድም በተፈጥሮ የሚኖር የለም። ሆኖም ከእኛዋ እፉኝት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ እንደ እሷም ሕያው ልጅ ይወልዳል። የጅራቱ ቀለበት ቁጥር ዕድሜውን ይናገራል የሚባለውም ስህተት ነው። ቆዳውን በገፈፈ ቁጥር አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊገፍፍ ይችላል፣ የጫፎቹ ቀለበቶችም ይሰበራሉ። አዲስ የተወለደው አንድ ብቻ ስላለው ድምፅ አይወጣውም። ብዙዎቹ እናቶች ልጆቻቸው የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪገፉ ድረስ፣ ለአንድ ሳምንት ወይም ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ፣ አብረዋቸው ይቆያሉ። ከእፉኝት ቤተሰብ እናቱን የሚገድል ሲፈለግ፣ ልጁን የሚጠብቅ ተገኘ ማለት ነው።

የእኛዋ የሚያንቋቋ ጅራት የላትም። ስትቆጣ አየር ስባ ሰውነቷን ትነፋለች፣ ከዚያም በኃይል እያስወጣች ከሩቅ የሚሰማ ትንፋሽ ታሰማለች። ይህን ማድረጓ ለሰው ትልቅ ዕድል ነው፤ ራቅ በል ማለቷ ነውና። ችግሩ ሁልጊዜ አለማስጠንቀቋ ነው። ስለ እሷ ማወቅ ከሚገባን ሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው።

እፉኝት አሳዳ የምትነክስ ጠበኛ ተደርጋ ትሳላለች። ኑሮዋን ያጠኑ ሰዎች ያዩት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ዋና ችሎታዋ አለመንቀሳቀስ ነው። አጭርና ወፍራም ናት፤ ስትሄድ እንደ ሌሎቹ ሳትጠማዘዝ በሆዷ ቀጥ ብላ በቀስታ ትሳባለች። እንዲህ ያለች ፍጥረት አይጥ አሳዳ መያዝ ስለማትችል አንድ ቦታ ተጋድማ ምግቧ እስኪመጣላት ትጠብቃለች። ቡናማና ቢጫ ጥለቷ ከደረቅ ቅጠል አይለይም። የምትሰወረውም ከዓይን ብቻ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች፣ ከዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የሌሎችን እባቦች ሽታ የለዩ የሠለጠኑ ውሾች ሕያው እፉኝትን መለየት እንዳልቻሉ አሳይተዋል። ውሻው ስላልጮኸ ምንም የለም ብሎ እጁን ቅጠል ውስጥ የሚከት ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ሌሎች እባቦች የእግር ኮቴ ንዝረት ሲሰማቸው አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻሉ። እፉኝት ግን ባለችበት ትቀራለች፤ እስከዛሬ ያዳናት ዝም ማለቷ ነውና። ስትረገጥ ወይም ጣት ሲያርፍባት ግን የምትወረወርበትን ፍጥነት ዓይን አይከተለውም። አመሻሽ ላይ ደግሞ ከሣሩ ወጥታ የቀኑ ሙቀት ያልለቀቀው የእግር መንገድ ላይ ትጋደማለች፤ ከለቀማ በጨለማ፣ በነጠላ ጫማ የሚመለስ ሰው የሚረግጣት እዚያ ነው። ስለዚህ የሚያድነው ነገር የታወቀ ነው፤ ቅጠሉን ከእጅ በፊት በእንጨት መግለጥ፣ ምንጣሮ ላይ ቦት ጫማ ማድረግ፣ ማታ በባትሪ መሄድ። ባለ ማሳው ለለቃሚው ቅርጫት እንደሚሰጠው ሁሉ ጫማም ሊያስብለት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ደጃፍ ላይ መበተን፣ ጋዝ መርጨት እፉኝትን እንደሚያርቅ ማስረጃ የለም። አይጧን የሚያርቅ ግን እሷንም ያርቃል፤ ጎተራው ከተከደነ፣ በቤት ዙሪያ ያለው የእንጨት ክምርና ሣር ከተነሣ የምትመጣበት ምክንያት የለም። ቂሙም እንዲሁ ነው። እባብ ባልና ሚስት ሆኖ አይኖርም፣ ለሞተ ጓደኛም አይበቀልም። በመራቢያ ወቅት ወንዶቹ የሴቷን ሽታ ተከትለው ስለሚመጡ፣ ዛሬ አንዷ በተገደለችበት ቦታ ነገ ሌላ ሊገኝ ይችላል። ላም መጥባቷም ሊሆን አይችልም፤ መጥቢያ ከንፈር የላትም፣ ጥርሷ ያረፈበትን ጡት ላሟ ዝም ብላ አትሰጥም። ወተቱ ደም ከቀላቀለ ወይም ከነጠፈ የእንስሳት ሐኪም ሊያየው የሚገባ የጡት በሽታ ይኖራል።

እፉኝት የቆላ ናት ብሎ የሚዘናጋም አለ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ደን ውስጥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማትገኝ የእፉኝት ዝርያ አለች። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቦመ በ1977 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቃት በመቱና በበደሌ መካከል፣ ዶኪ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ከተገኘች ናሙና ተነሥቶ ነው፤ ይህም ከጅማ በአጋሮ በኩል ወደ መቱ የሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የባሌው ሐረና ደን የራሱ እፉኝት እንዳለው ታወቀ። በስፋት የምትገኘውና የተለመደችው እፉኝት ጥቅጥቅ ያለ ደን አትወድም፤ ሣር፣ እርሻና የተመነጠረ ቦታ ትመርጣለች። እነዚህ ሁለቱ ግን የደን ናቸው። የአንዱ ዝርያ አገሩ በሙሉ የእኛ ተራራ ከሆነ፣ ደኑ ሲጠፋ ሌላ መሸሻ የለውም።

ከተነደፉ በኋላ ስለሚደረገው ነገር ያለው ስህተት ሕይወት ስለሚያስከፍል በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። የእፉኝት መርዝ ሥጋን ያበላሻል፤ ሕመሙ ከባድ ነው፣ እጁ ወይም እግሩ በሰዓታት ውስጥ ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ቆዳው ሊሞት ይችላል። ገመድ አጥብቆ ማሰር ይህን መርዝ አንድ ቦታ ያከማቸዋል፤ የደም ዝውውሩንም ስለሚዘጋው፣ ሊተርፍ ይችል የነበረ እግር ይቆረጣል። በምላጭ መብጣት ቁስል ይጨምራል። በአፍ መምጠጥና አረቄ ማጠጣት አይጠቅሙም። ጥቁሩ ድንጋይም መርዝ አያወጣም። ብዙ ሰው አዳነኝ የሚለው፣ እባብ አንዳንዴ ነክሶ መርዝ ሳይለቅ ስለሚቀር ነው፤ ያ ሰው ምንም ባይደረግለትም ይድን ነበር።

የሚጠቅመው ቀላል ነው። ቀለበት፣ አምባርና ጫማ እብጠቱ ሳይጀምር ይውለቁ። የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ። ተነዳፊው በእግሩ አይሂድ፤ በቃሬዛ ወይም በተገኘው መኪና ይወሰድ። እባቡን ለማሳየት ብሎ አሳዶ መግደል ሁለተኛ ተነዳፊ ይፈጥራል፤ ከርቀት የተነሣ የስልክ ፎቶ ይበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. የእባብ ንድፍን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር መዘገበው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ መርዝ ይሞታል ብሎ ይገምታል፤ የሚሞተው በብዛት እንደ ቡና ለቃሚው በእጁ የሚሠራ የገጠር ሰው ነው። ለአፍሪካ ተስማሚ ከነበሩት ፀረ መርዞች አንዱን የፈረንሳዩ ሳኖፊ በ2014 እ.ኤ.አ. ማምረት አቁሟል። ፀረ መርዝ ውድ ስለሆነ በየጤና ኬላው አይገኝም፤ ስለዚህ ከመንገድ በፊት ስልክ ደውሎ የትኛው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንዳለው መጠየቅ ሰዓት ያተርፋል። መድኃኒቱ ራሱ ድንገተኛ የሰውነት መቆጣት ሊያስከትል ስለሚችል ሐኪምና አድሬናሊን ባለበት እንጂ ቤት ውስጥ አይወጋም። የደረሰ ሰው መቼ እንደተነደፈ፣ ምን ቅጠል እንደጠጣ ሳያፍር ይንገር። ለሕፃን የሚሰጠው መጠን ከአዋቂው እኩል ነው፤ መጠኑ የሚለካው በገባው መርዝ እንጂ በልጁ ኪሎ ስላልሆነ፣ እናት በዛበት ብላ ሐኪሙን አትከልክል።